ይገምገም ወይስ ይሰረዝ? ስለ ደቡብ አውስትራሊያው «ድምፅ» ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አውስትራሊያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ነበር። የሚያወራው የደቡብ አውስትራሊያ ክፍለ ግዛት በሕግ ስላቋቋመው የነባር ሕዝቦች «ድምፅ» ነው። ነባር ሕዝቦች የምለው አቦርጂናሎችንና የቶረስ ሰርጥ ደሴተኞችን ነው። ጸሐፊው ሕጉ ይገምገም የሚለውን ሐሳብ አልወደደውም። «ምን ይገመገማል? ይሰረዝ እንጂ» ነው ያለው።

አምስት ምክንያት አቅርቧል። ሕዝቡ በሕዝበ ውሳኔ እምቢ ብሏል። በምርጫው የተሳተፈው ሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ተመራጮቹ ጥርስ የሌላቸው አማካሪዎች ናቸው። ሰውን በዘር መለየት ምን እንደሚያመጣ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። በመጨረሻም፣ ይኸው ነገር ከዚህ በፊት ተሞክሮ ከሽፏል።

ጽሑፉ ስድብ የለበትም፤ አንዳንዱም ነጥብ ልክ ነው። ስለዚህ በጥሞና መመለስ ይገባዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ጽሑፉ ይህን ዘሎታልና። የደቡብ አውስትራሊያ ፓርላማ ሕጉን ያጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2023፣ በአንድ እሑድ፣ በልዩ ስብሰባ ነው። ክፍለ ግዛቱ በስድስት አካባቢ ይከፈላል። ዋና ከተማውን አደላይድን የያዘው አካባቢ 11፣ ሌሎቹ አምስቱ 7፣ 7 ሰው ይመርጣሉ። በድምሩ 46 ናቸው። እያንዳንዱ አካባቢ ጾታቸው የተለያየ ሁለት ሰብሳቢዎች ይሰይማል። እነዚህ 12 ሰዎች ተሰብስበው የክፍለ ግዛቱን ድምፅ ይመሠርታሉ። ሥራቸው መናገር ነው። ነባር ሕዝቦችን በሚነካ ረቂቅ ሕግ ላይ ፓርላማ ቀርበው ሐሳባቸውን ይሰጣሉ። በዓመት አንዴ ለፓርላማው ንግግር ያደርጋሉ። ከካቢኔውና ከመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ጋር ይገናኛሉ። ሕግ አያግዱም፣ በጀት አያከፋፍሉም፣ መሬት አይሰጡም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

«ሕዝቡ እምቢ ብሏል»

ጸሐፊው እንደሚለው ሕዝቡ ጥቅምት 14 ቀን 2023 «አይሆንም» አለ፤ ፖለቲከኞቹ ግን ነገሩን በጓሮ በር መልሰው አስገቡት። ችግሩ የቀኑ ቅደም ተከተል ነው። የክፍለ ግዛቱ ሕግ የጸደቀው ከሕዝበ ውሳኔው ስድስት ወር ተኩል ገደማ ቀድሞ ነው። ሌበር ፓርቲም ከ2022ቱ የክፍለ ግዛቱ ምርጫ በፊት ቃል ገብቶበት፣ ተመርጦ ነው የፈጸመው። የጓሮ በሩ የቱ ጋ ነው?

ጥያቄውም ሌላ ነበር። በሕዝበ ውሳኔው የተጠየቅነው የነባር ሕዝቦች ድምፅ በአገር ደረጃ እንዲቋቋም የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ይሻሻል ወይ ተብለን ነው። ከእኛ መካከል «አይሆንም» ያሉ ብዙዎችን አውቃለሁ። ዋናው ስጋታቸው «አንዴ ሕገ መንግሥት ውስጥ ከገባ ማን ያወጣዋል?» የሚል ነበር። የደቡብ አውስትራሊያው ሕግ ተራ ሕግ ነው። ተራ ሕግ በተራ ሕግ ይሻሻላል፣ ይሻራል። ካልሠራ ይታረማል የሚባለው መንገድ እኮ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ልቀበለው። በደቡብ አውስትራሊያ 64 በመቶ የሚሆነው መራጭ «አይሆንም» ብሏል። ይህን ቁጥር እንዳላየ ማለፍ አይቻልም። አንድ ፓርቲ ሕጉን እሽራለሁ ብሎ ቢወዳደር መብቱ ነው፣ ነውርም የለበትም። ግን ሌላውንም ቁጥር ማየት ነው። በሰሜን ግዛት ሊንጊያሪ በተባለው የምርጫ ክልል፣ ወደ ሩቅ የአቦርጂናል መንደሮች የሄዱት ተንቀሳቃሽ ጣቢያዎች ላይ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው «ይሁን» ብሏል። ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸው ሰዎች ምን እንዳሉ ጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም።

«ማንም አልመረጣቸውም»

ይህ ከሁሉ የጠነከረው ነጥብ ነው። መጋቢት 16 ቀን 2024 በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ 113 ሰው ተወዳድሯል። ድምፅ የሰጠው ግን ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ወደ 30 ሺሕ ከሚጠጋ መራጭ ውስጥ ወደ 2,600 ገደማ። ትንሽ ነው። ምን ይሸፈናል?

ትንሽ መሆኑን ካመንን በኋላ ግን ለምን ትንሽ ሆነ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጸሐፊው «ስላልፈለጉት ነው» ብሎ አልፎታል። ያን ያህል ቀላል አይመስለኝም።

አውስትራሊያ ውስጥ ለፓርላማ ምርጫ ካልሄድክ ቅጣት ይመጣብሃል። ተሳትፎው ከፍ የሚለው አንዱ በዚህ ነው። የድምፁ ምርጫ በፈቃድ ነው። በዚያ ላይ የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔው ከወደቀ ገና በአምስት ወሩ ነው። በየቴሌቪዥኑና በየስልኩ ለወራት ሲብጠለጠል ለከረመ ሰው «ና ደግሞ ምረጥ» ሲባል እግሩ ቢከብደው አይገርምም። (የእኛ የኮሚኒቲ ማኅበር የቦርድ ምርጫ ላይ ስንት ሰው ይመጣል? ተዉት፣ አንነጋገርበት።)

ታሪክም አለ። ኪሳችሁ ውስጥ የ50 ዶላር ኖት ካለ አውጥታችሁ እዩት። በላዩ ያለው ሰው ዴቪድ ዩናይፖን ነው፤ ደራሲና የፈጠራ ሰው። የተወለደው ራውካን በምትባል፣ በዚያን ጊዜ ፖይንት ማክሌይ ይሏት በነበረች የደቡብ አውስትራሊያ መንደር ነው። በዚያች መንደር በ1896 የምርጫ ጣቢያ ነበር። አቦርጂናል ወንዶችም ሴቶችም መርጠዋል። ደቡብ አውስትራሊያ በ1894 ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትሰጥ አቦርጂናል ሴቶችን አልነጠለችም ነበር። ከዚያ አገሪቱ አንድ ሆነችና የፌዴራሉ ፓርላማ በ1902 ሕግ አወጣ። አቦርጂናሎች አዲስ መራጭ ሆነው እንዳይመዘገቡ ታገዱ። በፌዴራል ምርጫ የመምረጥ መብታቸው በሕግ የተረጋገጠው በ1962 ነው። ለሌላው ዜጋ ግዴታ የነበረው የመራጭነት ምዝገባ ለእነሱም ግዴታ የሆነው በ1984 ነው። መርጠው የተከለከሉ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው እንግዲህ «ለምን በብዛት አልወጣችሁም?» የሚባሉት።

ይህ ለዘላለም ሰበብ አይሆንም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ምርጫ ላይም ቁጥሩ እዚያው ከቆመ እኔም ጥያቄ አለኝ። ግን የመጀመሪያ ምርጫ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ጎረቤት ቪክቶሪያን ተመልከቱ። የነባር ሕዝቦች ጉባኤዋ በ2019 ሲመረጥ የተሳተፈው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ያኔም «ማን መረጣቸው?» ተብሏል። ያ ጉባኤ ከመንግሥት ጋር ተደራድሮ፣ በ2025 መጨረሻ የቪክቶሪያ ፓርላማ በአውስትራሊያ የመጀመሪያ የሆነውን የስምምነት ሕግ አጸደቀ።

ኖርዌይም አለች። ሳሚ የሚባለው ነባር ሕዝቧ የራሱ ፓርላማ እንዲኖረው ሕግ የወጣው በ1987 ነው፤ ፓርላማው በ1989 ተከፈተ። ያኔ በመራጭነት የተመዘገቡት 5,505 ሰዎች ነበሩ። ምዝገባው በፈቃድ ነው። በ2021 ቁጥሩ 20,545 ደርሷል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። በመጀመሪያው ዓመት «ሰው የለም» ብለው ዘግተውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው አልነበረም።

«ጥርስ የሌላቸው አማካሪዎች»

እዚህ ላይ ጽሑፉ ከራሱ ጋር ይጣላል። በአንድ ገጽ «ምንም ማድረግ አይችሉም፣ ከንቱ ወጪ» ይላል። በሚቀጥለው «አገር ይከፋፍላሉ» ይላል። ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ።

ምክር መስጠት ብቻውን ጥቅም አለው ወይ? መካሪው ይፋ ከሆነና መልስ የሚጠይቅበት መድረክ ካለው፣ አለው። በአገሪቱ ዋና ከተማ በካንቤራ ግዛት ከ2008 ጀምሮ ሰባት አባላት ያሉት የነባር ሕዝቦች ተመራጭ አካል አለ። እሱም ውሳኔ አይሰጥም። ግን የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን በይፋ ስብሰባ ጠርቶ «ምን ሠራችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ኃላፊ የሆነ ሰው በሕዝብ ፊት ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማው ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

የኖርዌዩም ፓርላማ ሲጀምር በአብዛኛው አማካሪ ነበር። በ2005 መንግሥት ሳሚዎችን በሚነካ ጉዳይ ከመወሰኑ በፊት ከፓርላማቸው ጋር እንዲመካከር የአሠራር ስምምነት ተደረገ። በ2021 ምክክሩ ራሱ በሳሚ ሕግ ውስጥ ገባ። አቅሙ በአንድ ጀምበር አልመጣም፤ ሕጉ እየታየ፣ እየተሻሻለ ነው የመጣው።

ጸሐፊው እውነት ያለው የት ላይ ነው? ሰሚ ከሌለ ምክር ጌጥ ብቻ ይሆናል። አደላይድ ውስጥ ማንኛውም ስብሰባ ሲከፈት የምድሪቱ ባለቤቶች የጋርና ሕዝብ ናቸው ተብሎ ይነበባል። የእኛም ማኅበራት ያነቡታል፣ ተለማምደነዋል። ንባቡ ካለቀ በኋላ ግን ማን ጠየቃቸው? ድምፁም እንደዚያ ንባብ ሥነ ሥርዓት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህ ስጋት የእኔም ነው። ግን ጥርስ የለውም ለሚል ሰው መፍትሔው ጥርስ መስጠት እንጂ መንጋጋውን መንቀል አይደለም።

ስለ ወጪው ብዙ አልልም። የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ኦዲት ይደረግ፣ ይታተም። አለቀ።

«በዘር መከፋፈል ነው፣ እኛ እናውቀዋለን»

ይህን ነጥብ ሳነብ ትንሽ ቆም ብያለሁ። ምክንያቱም ቁስላችን ነው። በብሔር ምክንያት ከቤቱ የተፈናቀለ፣ ዘመድ የቀበረ ሰው በመካከላችን አለ። እንዲህ ያለ ሰው «በዘር የተለየ ምርጫ» ሲባል ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ጸሐፊው ግን ድንጋጤውን ወስዶ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን አንድ አደረጋቸው።

በእኛ አገር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው ይላል። ክልል ይሰጣል፣ ምክር ቤት ይሰጣል፣ በጀት ይሰጣል፣ አንቀጽ 39 ደግሞ እስከ መገንጠል ይፈቅዳል። የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል። ጥሩም በሉት መጥፎም፣ ይህ ሥልጣን ነው። የደቡብ አውስትራሊያው ሕግ ከእነዚህ አንዱን እንኳ አይሰጥም። ክልል የለም። ልዩ ኃይል የለም። ከመሬቱ ውጣ የሚባል ጎረቤት የለም። ከ100 ሰው 3 የማይሞሉ ሰዎች ስለራሳቸው ጉዳይ እንዲናገሩ ወንበር ተሰጣቸው፤ ውሳኔው ግን እዚያው ሁላችንም የመረጥነው ፓርላማ ውስጥ ቀረ።

ደግሞ በዘር የለየ ሕግ በዚህ ክፍለ ግዛት አዲስ ነገር አይደለም። በ1911 የወጣው የአቦርጂናሎች ሕግ የእያንዳንዱን አቦርጂናል ልጅ ሕጋዊ አሳዳጊነት ለአንድ የመንግሥት ሹም ሰጠ። እናትም አባትም በሕይወት እያሉ ማለት ነው። ልጆችን ከቤተሰብ መንጠቁም ለአሥርተ ዓመታት ዘለቀ። በ1957 ገና ሕፃን ሳለ ከወላጆቹ የተወሰደ ሰው አደላይድ ፍርድ ቤት መንግሥትን ከስሶ፣ በ2007 ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ተፈርዶለታል። መንግሥት ለመውሰድ ሲሆን ማን አቦርጂናል እንደሆነ አልጠፋውም። ለማማከር ሲሆን ነው «ሁላችንም አንድ ነን» የሚባለው።

እኛ ስደተኞች ደግሞ ቆም ብለን ማሰብ ያለብን ነገር አለ። የራሳችን ማኅበር አለን፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለን፣ ከመንግሥት የመድብለ ባህል ድጋፍ እንጠይቃለን። ሲጠሩን ስለ ማኅበረሰባችን እንናገራለን። ይህን ማንም መከፋፈል አይለውም።

«ተሞክሮ ከሽፏል»

ጸሐፊው የሚጠቅሰው አትሲክን ነው። በ1989 በወጣ የፌዴራል ሕግ ተቋቁሞ በ1990 ሥራ የጀመረ፣ በነባር ሕዝቦች የሚመረጥ ኮሚሽን ነበር። በ2005 ተሰረዘ። «ራሳቸው አበላሹት» ይላል ጽሑፉ።

አትሲክ ችግር አልነበረበትም የሚል የለም። በመሪዎቹ ዙሪያ የተነሳው ውዝግብ ጋዜጣ ሞልቶ ነበር። ገንዘብም ያስተዳድር ነበር፤ የሥራ ፕሮግራምና የቤት ግንባታ በእጁ ነበር። ያው ሰው መራጭን ወክሎ ይናገራል፣ ያው ሰው ገንዘብ ይመድባል። ይህ ለጥቅም ግጭት የተመቸ ነበር። የደቡብ አውስትራሊያው ድምፅ ግን ገንዘብ አያከፋፍልም። ከአትሲክ የተማሩት አንዱ ነገር ይኸው ይመስለኛል።

ሌላው፣ አትሲክ ባልያዘው ሥራም ተወቅሷል። የጤና አገልግሎቱ በ1995 ከእጁ ወጥቶ ወደ ጤና መሥሪያ ቤቱ ተዛውሯል። ከዚያም በኋላ ግን «የአቦርጂናሎች ጤና አልተሻሻለም» ሲባል ጣት የሚቀሰረው ወደ እሱ ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አትሲክ ተገምግሟል። በ2003 ሦስት ሰዎች ያሉት ቡድን መረመረው፦ የቀድሞ የኒው ሳውዝ ዌልስ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ጆን ሃናፎርድ፣ ጃኪ ሃጊንስ፣ የቀድሞው ሴናተር ቦብ ኮሊንስ። ሃናፎርድ ከሊበራል፣ ኮሊንስ ከሌበር የመጡ ነበሩ። ቡድኑ ሰርዙት አላለም። አካሉ ይቆይ፣ ሥልጣኑ ግን ወደ ታች፣ ወደ አካባቢ ምክር ቤቶች ይውረድ ነው ያለው። ሪፖርቱ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ተቃዋሚው ሌበር እሰርዘዋለሁ አለ። በሚያዝያ 2004 ጠቅላይ ሚኒስትር ሃዋርድም ይኸንኑ አወጁ። በመጋቢት 2005 ፓርላማው ሕጉን ሻረ። ግምገማው መደርደሪያ ላይ ቀረ።

የመጀመሪያቸውም አልነበረም። በ1973 በጠቅላይ ሚኒስትር ዊትላም ዘመን የተቋቋመው የአቦርጂናሎች ብሔራዊ ምክክር ኮሚቴ በ1976 ተገምግሞ በ1977 በሌላ ተተካ። ተተኪውም በ1984 ኩምብስ በተባለ ሰው ተገምግሞ በ1985 ፈረሰ። አራት ዓመት፣ ስምንት ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት። እንዲህ እየነቀሉ «ተሞክሮ አልበቀለም» ማለት ምን ዓይነት ሙከራ ነው?

ሌላውም መንገድ ተሞክሯል እኮ። ከአትሲክ በኋላ የመንግሥት ባለሙያዎች በራሳቸው እንዲሠሩ ተተዉ። በ2008 በነባር ሕዝቦችና በሌላው ሕዝብ መካከል ያለውን የኑሮ ልዩነት የማጥበብ ዕቅድ ወጣ። አሁን 19 ግቦች አሉት። በቅርብ ዓመታት በወጡት ሪፖርቶች በጊዜያቸው ሊሳኩ በሚችሉበት መንገድ ላይ ናቸው የተባሉት ከአምስት አይበልጡም። ይህን ውድቀት ጸሐፊው በማን ላይ ይጭነዋል?

ታዲያ ግምገማው ምን ይመልከት?

ጽሑፉ ያላነሳው፣ ከነባር ሕዝቦቹ ከራሳቸው የሚመጣ ቅሬታ አለ። ከሁሉም ይልቅ የሚከብደኝ እሱ ነው። አንዳንድ የመሬት ባለመብት ቡድኖች «ስለ አገራችን የምንናገረው እኛ ነን፣ በምርጫ የመጣ ሰው አይደለም» ይላሉ። ሕጉ ይህን ለመመለስ የባለመብት አካላት አማካሪ ኮሚቴ አቋቁሟል፤ የሽማግሌዎች፣ የወጣቶችና የተሰረቀው ትውልድ (በልጅነታቸው ከቤተሰብ የተነጠቁት ሰዎች) ኮሚቴዎችም አሉ። በቂ ነው ወይ? አይመስለኝም። ቪክቶሪያ ለታወቁ ባለመብት ቡድኖች በጉባኤዋ የተጠበቀ መቀመጫ ሰጥታለች። ደቡብ አውስትራሊያም ብትሞክረው ጥሩ ነው። ይህ አንደኛው ሐሳቤ ነው።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ቪክቶሪያ ከ16 ዓመት ጀምሮ ታስመርጣለች። የነባር ሕዝቦች ቁጥር ከሌላው ይልቅ ወደ ወጣት ያደላል። ተሳትፎ ጎደለ የሚል ሰው ከዚህ ቢጀምር ምን ይለዋል?

ሦስተኛው መልስ ነው። ድምፁ የሰጠው ምክር፣ መንግሥት የተቀበለው፣ መንግሥት የጣለውና የጣለበት ምክንያት በየዓመቱ በአንድ ሰነድ ተዘርዝሮ ይውጣ። ማንም ሰው በአንድ ቁጭታ ሊያነበው የሚችል ይሁን። ያኔ ድምፁ ጥርስ አለው የለውም የሚለውን ክርክር በግምት ሳይሆን በዝርዝር እናደርገዋለን።

የአካባቢ ድልድሉም ይታይ። ከነባር ሕዝቦቹ ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት አደላይድና ዙሪያዋ ነው። ግን ከ12ቱ መቀመጫ ሁለቱ ብቻ ናቸው የእነሱ። ይህ የተደረገው የገጠሩ ሰው እንዳይዋጥ ነው፤ ይገባኛል። ልኩ ይህ ነው ወይ የሚለውን ግን እነሱው ይነጋገሩበት።

«እነሱው» ማለቴ በምክንያት ነው። ፊንላንድ የሳሚ ፓርላማ ሕጓን ለማሻሻል ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባታል። የተጣሉት በአንድ ነገር ነው፦ መራጭ ማን እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? የአገሪቱ ጠቅላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የሳሚ ፓርላማው ያልተቀበላቸውን ሰዎች የመራጮች መዝገብ ውስጥ አስገባ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ በ2019 ይህ የሳሚዎችን መብት ይጥሳል አለ። ማሻሻያው ያለፈው በ2025 ነው። ግምገማ የሚደረግላቸው ሰዎች ሳይዙት ሲቀር እንዲህ ይንዛዛል።

ጸሐፊው በሌላ ጽሑፍ ቢመለስ ደስ ይለኛል። ግን «ይሰረዝ»ን ትቶ፣ የቱ አንቀጽ ቢስተካከል እንደሚቀበለው ይጻፍልን። አንድም የለም ካለም እሱን ራሱን በግልጽ ይበለን፤ ያኔ የምንከራከረው ስለ ሕጉ አለመሆኑን እናውቃለን።